የመጉመጥመጫው አሥራ አራተኛ ትእዛዝ

ሼንባጋም ለሸማኔ ሰፈር ሴቶች አሥራ ሦስት ትእዛዝ ጽፋ ሰጥታቸው ነበር። አሥራ ሦስቱም ከንዴት የተወለዱ ናቸው። «አይዋጥም» የሚለው የተጻፈው ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ለሆድ ቁርጠት ይሆነኛል ብላ ግማሽ ጠርሙስ ስለጨለጠች ነው። «አይደፋም» የሚለው ደግሞ የኮሌጁ ማደሪያ ልጆች መራራ ነው ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ መታጠቢያ ቤት ሲደፉት ከርመው፣ ሲጠየቁ ግን «ኧረ በቀን ሁለቴ ነው የምንጉመጠመጠው!» እያሉ በመሐላ ስላረጋገጡላት ነው። ያን ጊዜ ስምንት ወር የለፋችበት ጥናት ገደል ገባ። ለባል አይሰጥም፣ ለልጅ አይሰጥም፣ ለጎረቤት አይሰጥም፣ በውኃ አይቀጥንም፣ ከተጉመጠመጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ምንም አይበላም፣ ምንም አይጠጣም፤ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል አሳትማ፣ ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብላ አንብባ፣ አስደግማ ነበር።

አሥራ አራተኛውን ግን አልጻፈችም። ማን ያስበዋል? ሰይጣን ራሱ ቁጭ ብሎ ቢያወጣ ቢያወርድ የሚመጣለት አይመስልም።

ሼንባጋም የጥርስ ሐኪም ናት። ሕንድ ውስጥ ካንቺፑራም ከተማ ባለ አንድ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በድድ ሕክምና ልዩ ባለሙያ ለመሆን ሦስተኛና የመጨረሻ ዓመቷን ይዛለች። የመመረቂያ ጥናቷ ጥያቄ ለመናገር ቀላል ነው፤ ድዱ ለተቆጣና ለሚደማ ሰው የቱ ይሻለዋል፣ ከኒምና ከዘይቱን ቅጠል ተፈልቶ የሚዘጋጀው መጉመጥመጫ ወይስ ፋርማሲ የሚሸጠው የኬሚካል መጉመጥመጫ? መልሱን ጽፋ በወሩ መጨረሻ ካላስገባች ፈተና አትቀመጥም። ፈተና ካልተቀመጠች ሌላ አንድ ዓመት ይቃጠላል።

ይህ በኮሌጁ በኩል ያለው ነው። በራሷ በኩል ደግሞ ጥያቄው የእናቷ ነው። እናቷ ቺናፖኑ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል በምታስኬደው በቼያር ትኖራለች። ዕድሜ ልኳን በኒም መፋቂያ ስትፍቅ፣ በኒም ውኃ ስትጉመጠመጥ ኖራ፣ ጥርሶቿን አንድ በአንድ ሸኝታ ስድስት ቀርተዋታል። የስድስቱም ድድ ያብጣል፣ ይደማል። ልጅ የጥርስ ሐኪም ሆና እናት በስድስት ጥርስ ስትቀር ሰው ምን ይላል? የሚለውን ሁሉ ብሏል። ሼንባጋም ልመና የቀራት የለም።

«እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ነይ። ከጥርስሽ ሥር የደረቀውን ቆሻሻ በመሣሪያ አንሥቼ ልጠብልሽ።»

«ብረት አፌ አይገባም!»

«አያምሽም እኮ!»

«ሕመሙን ማን ፈራ? ያቺ ጎረቤታችን ካሳጠበች በኋላ አይደል ጥርሷ መነቃነቅ የጀመረው? ቆሻሻው ነው አጣብቆ የያዘልኝ፣ ተይው እዚያው ይቀመጥ። አንቺ ውኃውን ንገሪኝ። አክስትሽ የፋርማሲው ነው ትላለች፣ እኔ የቅጠሉ ነው እላለሁ። አጥንተሽ የነገርሽኝን እጉመጠመጣለሁ።»

«ውኃው ብቻውን ምንም…»

«ብረት አልኩሽ እኮ!» ብላ ስልኩን ትዘጋባታለች። ይህ ንግግር ከወር ወር ሳይለወጥ ሦስት ዓመት ሆነው። ሼንባጋም ክፍል ሙሉ በሽተኛ አሳምና ስታጥብ ውላ አንዲት እናቷን ማሳመን አቅቷታል። ቢያንስ የምትጠይቃትን ለመመለስ፣ ከቅጠሉና ከኬሚካሉ የቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት ለመናገር ስትል ነበር ይህን ርዕስ የመረጠችው።

የሸማኔ ሰፈሩን ያገኘችው አማካሪዋ ዶክተር ናራሲማን ጠቁመዋት ነው። አንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ሐር ሸማኔዎች ይኖሩበታል። ሴቶቹ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ፣ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ ድዳቸውም በአንድነት የተቆጣ ነው። ስልሳ ሴት መዘገበች። ሠላሳዎቹ አንድ ቁጥር ጠርሙስ፣ ሠላሳዎቹ ሁለት ቁጥር ጠርሙስ ተሰጣቸው። ሁለቱም ጠርሙስ አረንጓዴ፣ ሁለቱም ፈሳሽ አረንጓዴ፣ ሁለቱም ናና ናና የሚሸት። የኮሌጁ መድኃኒት ቀማሚ ሞልቶ ስላሸገው የትኛው ቁጥር ቅጠል፣ የትኛው ኬሚካል እንደሆነ ሼንባጋም ራሷ አታውቅም። መፍቻው በታሸገ ፖስታ ዶክተር ናራሲማን መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፤ መርማሪው ካወቀ ዓይኑ ያዳላል።

ስልሳው ሴት የተስማማው እማማ ኩፓማል ስለተስማሙ ነው። እማማ ኩፓማል ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በሰፈሩ በዕድሜም በአንደበትም የሚበልጣቸው የለም። እዚያ መንገድ ላይ ከውጭ የገባ ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። የሸማኔዎቹ ማኅበር ለበዓል የሚልከው ጣፋጭ ይሁን፣ ከሰርግ የተረፈ ፍሬ፣ ከቤተ መቅደስ የመጣ ምግብ፣ በመንገዱ መካከል ባለችው ትንሽ የአምላካቸው ቤት ፊት ካለው መደብ ላይ ይወርዳል፣ በትልቁ የናስ ድስት ይደባለቃል፣ ከዚያ ለሁሉም እኩል ይጨለፋል። አንዱ ቤት የጣፈጠው፣ ሌላው ቤት የደረቀው አይደርሰውም። ማለዳ ማለዳም የአንዱን ቤት ድር በመንገዱ ርዝመት ሲዘረጉ የሁሉም ቤት እጅ ይይዘዋል። ሼንባጋም ይህን ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን ዓይኗ እያየ፣ አድንቃ፣ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ «በጣም ተባባሪ ሰፈር» ብላ ጽፋለች። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

በሰባተኛው ቀን ልትጎበኛቸው ስትሄድ የእማማ ኩፓማል ምራት ፑንጎዲ በር ላይ ጠበቀቻት። ፑንጎዲ ሁለት ቁጥር ጠርሙስ የደረሳት ናት፤ አማቷ ደግሞ አንድ ቁጥር።

«ዶክተርዬ፣ ይሄ ውኃሽ ትዳሬን ሊፈታው ነው» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጨው ጠፋብኛ! ወጡን እቀምሳለሁ፣ ጨው የለውም። እጨምራለሁ፣ አሁንም የለውም። ደግሞ እጨምራለሁ። ባሌ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ምንም ሳይል ውኃውን አንሥቶ ጠጣና ወጣ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።»

«ባሕር ነው የምታበላን፣ ባሕር!» አሉ እማማ ኩፓማል ከውስጥ። «እኔም እኮ እጉመጠመጣለሁ፣ እኔ ለምን አልጠፋብኝም? መራራ ነው እንጂ ጨዌን አልነካብኝም።»

«የእርስዎ ሌላ ነው፣ የእኔ ሌላ!»

«ለምን ሌላ ይሆናል? አንድ ቤት አይደለን?»

ሼንባጋም ወዲያው ገባት። ጨው የሚያጠፋው ኬሚካሉ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ቁጥር ኬሚካሉ ነው። ማወቅ ያልነበረባትን ነገር ማወቋ አናደዳትና ያላወቀች መስላ ደብተሯ ላይ «የጣዕም ለውጥ» ብላ ጫር አደረገች። «ያልፋል፣ ቻሉት። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው» አለቻቸውና ወደ ቀጣዩ አፍ አለፈች። ገና ሃያ ሦስት አፍ ይጠብቃት ነበር። ዐሥር ደቂቃ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ የሴቶቹን ጭቅጭቅ ብትሰማ ኖሮ ዓመቷን ታተርፍ ነበር፤ ግን ማን ተቀምጦ ስለ ጨው ይሰማል?

በአሥራ አራተኛው ቀን ሁለተኛውን ዙር ጠርሙስ ስታድል «ጨውስ?» ብላ ፑንጎዲን ጠየቀቻት።

«ተስተካከለ፣ ዶክተርዬ» አለች ፑንጎዲ ፈገግ ብላ። «አማቴ ናቸው ያስተካከሉት።»

ሼንባጋም እማማ ኩፓማል ወጡን እየቀመሱላት መስሏት ደስ አላት።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ስልሳውንም ሴት መደቡ ላይ በተራ አስቀምጣ አፋቸውን አየች። ቀጭኗን መለኪያ ብረት በድዱ ጠርዝ ስትስብ ደም የለም። የሚቀጥለዋ፣ ደም የለም። ያበጠው ጎድሏል፣ የቀላው ወደ ልኩ ተመልሷል። ከወገቧ ጎንበስ ብላ አምስት ሰዓት ስትሠራ ድካም አልተሰማትም። የማደሪያዎቹ ልጆች ካቃጠሏት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ባዶ ጠርሙሶቹን እንደ ሥርዓቱ ሰብስባ በጆንያ ይዛ ተመለሰች።

ፖስታው የተከፈተው ከሁለት ቀን በኋላ በዶክተር ናራሲማን ቢሮ ነው። አንድ ቁጥር ቅጠሉ፣ ሁለት ቁጥር ኬሚካሉ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ልዩነት የሚባል ነገር የለም። የደሙ መቀነስ እኩል፣ የእብጠቱ መቀነስ እኩል።

«አየሽ!» አሉ ዶክተር ናራሲማን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። ደግ ሰው ናቸው፤ ጸጉራቸው በተማሪዎቻቸው ጉዳይ የሸበተ። «የጓሮ ቅጠል ከፋርማሲው እኩል ወጣ! በሚመጣው ወር ጉባኤ ላይ እናቀርበዋለን። አሥራ ሁለት ቀን አለሽ፣ ሮጥ ሮጥ ብለሽ ጻፊው።»

ሼንባጋም ግን ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቀርቷል። ኬሚካሉ ሲቆይ ጥርስ ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ ይህን የድድ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። ቅጠሉ እንደዚያ አያደርግም። ሰንጠረዡ ላይ ግን እድፉም እኩል ነው።

«ዶክተር፣ ቅጠሉን የወሰዱት ለምን አደፈባቸው?»

«ቡና ይጠጣሉ።»

«ሲጀምሩም ይጠጡ ነበር፤ ያኔ አላደፈባቸውም።»

«እህ፣ እንግዲህ ብዙ ጠጡ! አንቺ ልጅ፣ ጥሩ ነገር ሲመጣልሽ ለምን ጥፍርሽን ታሾያለሽ?»

ወደ ክፍሏ ሄዳ ጆንያውን ፈታች። አንድ ቁጥር ጠርሙስ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ከታች ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል። ሁለት ቁጥር አወጣች፤ እዚያም ያው ዝቃጭ። ሌላ አወጣች፣ ሌላ፣ ሌላ። ቅጠሉ ለብቻው ሲቀመጥ እንዲህ አይዘቅጥም፣ ኬሚካሉም ለብቻው አይዘቅጥም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው እንዲህ የሚሆኑት። ወለሉ ላይ በጠርሙስ ተከባ ቁጭ ብላ «አይ! አይ! አይ!» አለች፤ በበሩ አጠገብ የምታልፈው ነርስ የሆነ ሰው የሞተባት መስሏት ቆመች።

በማግሥቱ ማለዳ ስትደርስ ሰፈሩ ድር ዘርግቶ ነበር። ቀይ ሐር ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ክሩን በጣታቸው ይለያሉ። ሼንባጋም ሰላምታም አልሰጠች።

«ጠርሙሳችሁን ለሰው ሰጥታችኋል?»

ሴቶቹ ተያዩ። «ኧረ በጭራሽ!»

«ፑንጎዲ፣ ንገሪኝ፣ ሰጥተሻል?»

«በአምላክ ፊት! ለማንም።»

«ሰባተኛው ትእዛዝ፣ ለጎረቤት አይሰጥም» አሉ እማማ ኩፓማል ከድሩ እጃቸውን ሳያነሡ። «ስምንተኛው፣ በውኃ አይቀጥንም። ዘጠነኛው፣ ክዳኑ ሳይከደን አያድርም። ሁሉንም ጠብቀናል። እንደዚህ የጠበቀልሽ ሰው ካለ አምጪ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሁሉም ጠርሙስ ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር የተገኘው?»

«አንድ ዓይነት ስለሆነ ነዋ!» አሉ እማማ ኩፓማል። «ደባልቀነዋል እኮ።»

ሼንባጋም ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ምን አደረጋችሁት?»

«አንቺ ያመጣሽው እኩል አልነበረም፣ ልጄ። የግማሹ መራራ፣ የግማሹ ጨው የሚያጠፋ። በየቤቱ ጠብ ሆነ። ምራቴ ታለቅሳለች፣ ልጄ ቤት አይበላም። ያቺኛዋ የእኔ ጠርሙስ ለምን መራራው ሆነ፣ ደሃ ስለሆንኩ ነው ትላለች። ምን ላድርግ? ሁሉም ጠርሙሱን ይዞ ይምጣ አልኩ። በናሱ ድስት ገለበጥነው፣ አማሰልነው፣ እኩል ጨለፍን። ሁሉም የራሱን ጠርሙስ ይዞ ሄደ፤ ማንም ለማንም አልሰጠም። ከዚያ ወዲያ ጨውም ትንሽ ትንሽ ነው የጠፋው፣ ምሬቱም ትንሽ ትንሽ። ለሁሉም ደረሰ። ሁለተኛውን ስታመጪም ያው እንደዚያው አደረግን።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?!»

«ነግረንሻል! ይቺ ልጅ ስለ ጨው አልነገረችሽም? ያልፋል፣ ቻሉት አልሽ። ቻልነው።»

«መቻል ነው ይሄ? ይሄ መቻል ነው?» ሼንባጋም አንጀቷ አረረ። ጮኸች፤ በሰው ሰፈር፣ በታላቅ ሰው ፊት ጮኸች። «እኔ እኮ የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ነው የለፋሁት! የቱ ነው ድዳችሁን የፈወሰው? ቅጠሉ ነው? ኬሚካሉ ነው? ማን ይነግረኛል አሁን? ድስቱ ይነግረኛል?»

እማማ ኩፓማል ከንፈራቸውን በጣታቸው ገልብጠው ድዳቸውን አሳዩዋት። «ይኸው፣ አልደማም። አንቺ ደግሞ ትጮኺያለሽ። ስልሳ ሰው ዳነ፣ ሌላ ምን ፈለግሽ? ያንን ድብልቁን ጨምሪልን እንጂ፣ አልቋል።»

«ድብልቅ የሚባል መድኃኒት የለም፣ እማማ! ማንም አልሠራውም! እናንተ ናችሁ የሠራችሁት!»

«እሰይ!» አለች ከወዲያ ማዶ አንዷ፤ ሌሎቹም ሳቃቸው አመለጣቸው። ሼንባጋም መሳቅም ማልቀስም አቃታትና መደቡ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ፑንጎዲ ድሩን ለሌላ ሰው አስይዛ ውኃ አመጣችላት። እማማ ኩፓማልም መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«በጣም አበላሸንብሽ?»

«ዓመቴን ነው ያበላሻችሁት። ለመምህሬ ካልነገርኩ ግን ማንም አያውቅም። ሁለቱም እኩል ናቸው ብዬ ልጽፍ እችላለሁ። ቁጥሩ የሚለው እሱን ነው።» እንዲህ ማለቷ ራሷንም አስደነገጣት። ቀና ብላ ድሩን አየችው። «እማማ፣ እርስዎ አንድ የሐር ሳሪ ሸምነው ከጨረሱ በኋላ መሐሉ ላይ የተሳሳተ ክር ቢያገኙ፣ ማንም የማያየው ቢሆን፣ ምን ያደርጋሉ?»

አፈርሰዋለሁ ብለው እንዲመልሱላት ጠብቃ ነበር። እንደዚያ ቢሏት ብርታት ይሆናት ነበር።

«እሸጠዋለኋ!» አሉ እማማ ኩፓማል። «ስንቱን ሸጫለሁ። አንድ ወር የሠራሁትን ላፈርስ? እብድ ነኝ?» ትንሽ አሰቡና፣ «ለልጄ ሰርግ ግን አላለብሳትም» አሉ።

ዶክተር ናራሲማን ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«በድስት?»

«በናስ ድስት።»

«አንቺ ስትሰጪያቸው ለየብቻ ነው የሰጠሻቸው?»

«አዎ።»

«ስትመረምሪያቸው በትክክል መርምረሻል?»

«አዎ፣ ግን…»

«ግን የለም። የሰጠሽውን ትጽፊያለሽ፣ ያየሽውን ትጽፊያለሽ። በመካከሉ የሆነውን አንቺ አላየሽም። አንዲት አሮጊት የሆነ ነገር ነገረችሽ፣ በቃ። ስሚኝ ሼንባጋም፣ እኔ ላንቺ ነው የማስበው። ሁለተኛ ዓመት እንዲቃጠልብሽ አልፈልግም። እኩል ናቸው ብትይ ማን ይጎዳል? ቅጠል ጠጥቶ የሞተ የለም።»

«አይጠጣም፣ ዶክተር። ይተፋል።»

«እሱን እንኳ ተይኝ!» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ቢቆጧት፣ ቢያስፈራሯት ኖሮ እምቢ ማለት ይቀልላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ጆንያው አሁንም እግሯ ሥር ነው። መጻፍ ጀመረች፤ ከብስጭቷ የተነሣ ፊደሎቹን እየደበደበች ጻፈች። ስንት ሴት፣ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ጊዜ፤ ይህ ሁሉ እውነት ስለሆነ ፈጠነላት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ «ከዚህ ጥናት እንደምንረዳው የቅጠሉ መጉመጥመጫ ከኬሚካሉ እኩል ይፈውሳል» ብላ ጻፈች። ዓረፍተ ነገሩ አምሮ ተቀመጠ። የሚያልፍ ሰው ቢያነበው ምንም አይጎረብጠውም። እሷም ከአራት ቀን በፊት ብታነበው በደስታ ትዘል ነበር።

ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናት።

«ጨረስሽ?» አለች ቺናፖኑ ያለ ሰላምታ።

«ምኑን?»

«ጥናቱን ነዋ! በዚህ ሳምንት ፖስታው ይከፈታል ብለሽኝ አልነበር? አክስትሽ እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ጆሮዋን አቁማለች። አንደኛው ታችኛው ጥርሴ ከትናንት ጀምሮ ይደማል፣ ሩዝ እንኳ ማኘክ አቃተኝ። ንገሪኝ በይ፣ በየትኛው ልጉመጥመጥ?»

ሼንባጋም ኮምፒውተሩን አየች። መልሱ እዚያ ተጽፏል። እኩል ናቸው፤ በቅጠልሽ ቀጥይ። እናቷ በደስታ አክስቷን ትሳለቅባታለች፣ ኒሟን ታፈላለች፣ በቀን ሁለቴ ትጉመጠመጣለች፣ ያቺ ታችኛዋ ጥርስም በስድስት ወር ውስጥ ትወድቃለች። ወይም አትወድቅም። ማን ያውቃል? ዶክተር ናራሲማን «ማን ይጎዳል?» ላሉት መልሱ ይኸው፤ የእናቷ ትንፋሽ በስልኩ ወዲያ ማዶ ይሰማል።

«ሃሎ? አለሽ?»

«አለሁ፣ እማዬ።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ምን ማለት ነው አታውቂም?»

«አላውቅም ማለት አላውቅም ነው! ሴቶቹ በአንድ ድስት ደባለቁት። ሁሉንም። ስልሳውንም ጠርሙስ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ዘንድሮም አላውቅም፣ እንደገና ካልሠራሁ በቀር ለከርሞም አላውቅም።» ይህን ስትል ሦስት ዓመት ያጠራቀመችው ንዴት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት። «ሦስት ዓመት ተምሬ፣ የሰው አፍ ውስጥ ጎብጬ ስውል ከርሜ፣ ለገዛ እናቴ ጥያቄ መልስ የለኝም! በቃ፣ ለአክስቴም ንገሪያት። አላውቅም!»

ከወዲያ ማዶ አክስቷ «ምን አለች? ምን አለች?» ስትል ቺናፖኑ «ዝም በይ አንቺ» አለቻት።

ሼንባጋም ስልኩን በትከሻዋ እንደያዘች ያንን ያማረ ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ እስከ መጀመሪያው አጠፋችው።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቷ በመጨረሻ። ቁጣ የለባትም፤ ነገር እየመዘነች ነው። «ከልጅነትሽ ጀምሮ ለጠየቅሁሽ ሁሉ መልስ ነበረሽ። ቤት ውስጥ ሁሉን አውቃለሁ ባይ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ዛሬ አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«እርግጠኛ ሆነሽ የምታውቂው ነገርስ የለም?»

«አለ። ግን መስማት አትፈልጊም።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ብረቱን ነው የማውቀው፣ እማዬ። ከሥሩ ካልታጠበ የቱም ውኃ አያድነውም። ይህን አውቃለሁ። ሌላውን አላውቅም።»

ቼያር ውስጥ አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ በስልኩ ተሰማ።

«እሑድ ብረትሽን ይዘሽ ነይ» አለች ቺናፖኑ። «ስድስቱንም ቆጥሬ ነው የማስረክብሽ፤ ቆጥረሽ ትመልሺልኛለሽ።»